ወደ መናገሻ ሱባ፦ ደኑን አቋርጦ ወንዙ ድረስ ወርዶ መመለስ

ከሰበታ በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ወጨጫ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። ከፍተኛው ጫፉ ዳሞቻ 3,385 ሜትር ይደርሳል። በምዕራብ ጎኑ መናገሻ ሱባ የሚባለው የመንግሥት ደን አለ፤ ከአዲስ አበባ ጠዋት ተነስቶ ማታ ቤት ለመግባት ከሚያስችሉት የተፈጥሮ ደኖች ሁሉ እኔ የማስቀድመው እሱን ነው።

ወደ ሱባ ሊሄድ ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ጫፉ ነው፤ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ምን ያህል ይከብዳል እያለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የምመክረው ግን ጫፉን ለሌላ ቀን ትቶ በደኑ ውስጥ ወንዙ ላይ ወዳለው ፏፏቴ የሚያደርሰውን መንገድ መያዝ ነው። አጭር ነው፣ ጥላ አለው፣ ልጆችም ይችሉታል። አጭርነቱ ግን ያሞኛል። ተራራ ሲወጡ ከደከሙ ፊትዎን ያዞራሉ፣ ቁልቁለቱም ይዞዎት ይመለሳል። ወንዝ ሲወርዱ ግን ዳገቱ የሚጠብቅዎ መጨረሻ ላይ፣ ጉልበትዎ ካለቀና ውሃዎ ከተጋመሰ በኋላ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተጻፈው ይህን አስቦ ነው።

መጀመሪያ ስሙን ይለዩ

ሾፌሩን «መናገሻ» ብቻ ቢሉት በቡራዩ በኩል በአምቦ መንገድ ይዞዎት መናገሻ ከተማ ሊያወርድዎት ይችላል። እዚያ አጠገብ መናገሻ የሚባል ሌላ ተራራ አለ፤ አናቱ ላይ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ያለበት። እሱም ደግ ቦታ ነው፤ ደኑ ግን እሱ አይደለም። «ሱባ» ይበሉ፣ «ሱባ ደን» ብለውም ይድገሙት።

በሰበታ በኩል የሚሄዱ ከሆነ ከአየር ጤና በዓለም ገና አድርገው ሰበታ ይገባሉ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው፤ ታክሲ ተራው ላይ ግን ሁሉም በዱሮ ስማቸው ነው የሚጠሩት። ሰበታ ላይ ዳቦ፣ ሙዝና ውሃ ይግዙ፤ ከዚያ ወዲያ ሱቅ አገኛለሁ ብለው አይተማመኑ። ከዋናው አስፋልት ተገንጥሎ ወደ ደኑ የሚወጣው መንገድ ጠጠርና አፈር ነው። በበጋ አነስተኛ መኪናም በዝግታ ይሄድበታል፤ ዝናብ ከጣለ ግን ጥቁሩ መረሬ ጎማ ላይ እየተለጠፈ መኪናውን ያስረዋል። የራስዎ መኪና ከሌለዎት ሰበታ ላይ ኮንትራት ይያዙ፤ ዋጋውን የደርሶ መልስ አድርገው ይነጋገሩ፣ የሾፌሩን ስልክ ይውሰዱ፣ የመመለሻ ሰዓቱንም ቁርጥ አድርገው ይንገሩት። ደኑ ውስጥ ስልክ ብዙ ቦታ ላይ ስለማይሠራ «እደውልልሃለሁ» የሚለው ቀጠሮ አያዛልቅም።

ከመነሳትዎ አንድ ቀን በፊት የአካባቢውን ሁኔታ ሰበታ ወይም ሆለታ ካለ ከሚያውቁት ሰው ይጠይቁ። ባለፉት ዓመታት በከተማው ዙሪያ የመንገዱ ፀጥታ ከሳምንት ሳምንት ሲለዋወጥ ታይቷል። «አሁን ባይሆን ይሻላል» ካለዎት አይከራከሩት፤ ደኑ የትም አይሄድም። መታወቂያ ከኪስዎ አይለይ፤ መንገድ ላይ ፍተሻ ሊኖር ይችላል።

ወር፣ ቀንና ሰዓት

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ተመራጭ ነው። ጥቅምት ላይ መሬቱ ገና አረንጓዴ ነው፣ ወንዙም ውሃ አለው፣ ጭቃው ግን መድረቅ ጀምሯል። ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ የጠራ ነው፤ ጠዋቱ ግን አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ብርድ አለው። የካቲትና መጋቢት ላይ ፏፏቴው ይሳሳል፣ ደኑም በቀላሉ እሳት ይይዛል። በበልግ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ድንገት በረዶ የሚያወርድ ቀን ያጋጥማል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቁልቁለቱን ባይሞክሩት ይሻላል። በክረምት ደኑ ያምራል ብለው የሚከራከሩ ወዳጆች አሉኝ፤ ውበቱን አልክድም፣ ግን ከመኪና መንገዱ ሳይርቁ ይዩት።

ከቤትዎ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ይነሱ። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው፣ ጉሬዛዎች ከሌሊቱ ብርድ በኋላ ፀሐይ ለመሞቅ ዛፍ ጫፍ ላይ የሚቀመጡት ጠዋት ነው፤ ሙቀቱ ሲበረታ ቅጠሉ ውስጥ ገብተው ይሰወራሉ። ሁለተኛው፣ ተራራው ላይ ደመና የሚሰበሰበው ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ነው። ቁልቁለቱን ወርደው ዳገቱን እስኪጨርሱ ያለው ጊዜ ከዚያ በፊት ቢያልቅ ደስ ይላል።

የሚፈጀውን ጊዜ ለመገመት ናይስሚዝ የተባለው የስኮትላንድ ተራራ ወጪ በ1892 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ስሌት ዛሬም ይሠራል፦ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ደግሞ ተጨማሪ 1 ሰዓት። ደርሶ መልሱ 6 ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱ 300 ሜትር ቢሆን ስሌቱ 1 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ገደማ ይሰጥዎታል። ይህ ግን ሳይቆም ለሚራመድ ጠንካራ ሰው ነው። ልጅ፣ ፎቶ አንሺና ወሬ የሚወድ ጓደኛ ካሉ እጥፍ ያድርጉት። እኔ ስሄድ እጥፍ ነው የማደርገው፤ ወሬ የሚወደው እኔ ስለሆንኩ።

ምን ይያዝ፣ ምን ይለበስ

ከሁሉ በፊት ጫማ። ሶሉ ያላለቀና ጥርስ ያለው ይሁን፤ ውድ መሆኑ ግዴታ አይደለም። የስፖርት ጫማ ሶሉ ለስላሳ ከሆነ እርጥብ ድንጋይ ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። የእግር ጥፍርዎን ከሁለት ቀን በፊት ይቁረጡ፤ ቁልቁለት ላይ ጣት የጫማውን አፍንጫ እየመታ ነው ጥፍር የሚጠቁረው።

ቀጥሎ ዱላ። ወንዝ ዳር ሲወርዱ ሦስተኛ እግር ነው፣ ሳማውንም ገለል ያደርግልዎታል። ሳማ ውሃ ዳር በብዛት ይበቅላል፣ ቀጋና አጋሙም ቁምጣ ለለበሰ ሰው አይራሩም፤ ስለዚህ ረጅም ሱሪና ረጅም እጅጌ ይልበሱ። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ይቀንሳል። ሰበታ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እስከ ዳሞቻ የሚወጣ ሰው ይህን ልዩነት በሙሉ ይቀምሰዋል። ወደ ፏፏቴው ብቻ ቢሄዱም ጥላው ስለሚበርድ ሹራብና የዝናብ ልብስ ይያዙ። ጋቢ ለመኪናው ይቅር፤ ሲረጥብ ሸክም ነው።

ለአንድ ሰው ቢያንስ 2 ሊትር ውሃ። የወንዙ ውሃ ጥርት ብሎ ስለታየ አይጠጣ፤ በላይ በኩል ከብት ይጠጣበታል፣ ይሻገረዋል፣ ሌላውንም ያደርግበታል። አልቅትም ሊኖረው ይችላል። የግድ ከሆነ በ«ውሃ አጋር» ያክሙት፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያህልም ይጠብቁ። ምግቡ ሳይበላሽ የሚቆይና ቆሻሻው ጥቂት የሆነ ይሁን፦ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ድፎ። ጭኮ ካለዎት ጭኮ ይያዙ፤ ከዳገቱ በፊት አንድ ጉርሻ የሚሠራውን ሥራ ቸኮላት አይሠራውም። ፋሻ፣ ፕላስተርና የእጅ ባትሪም አይርሱ።

ከውጭ አገር ለበዓል የመጣ ዘመድ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ በመጣ ማግስት አይውሰዱት። የአዲስ አበባ ሰው ከፍታውን ለምዶታል፤ ከባሕር ጠለል አቅራቢያ የመጣ ሰው ግን ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን ከተማ ውስጥ ይቆይ። ራሱን ካመመው ወይም ካቅለሸለሸው ወደ ላይ መቀጠል አይገባም።

በሩ ላይ

ደኑን የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ጋ የመግቢያ ክፍያ ይከፈላል። ጥሬ ገንዘብ ይያዙ፣ ደረሰኝም ይቀበሉ። የውጭ ዜጋ ካለ ክፍያው ይለያል። ማደር ወይም ድንኳን መትከል የሚፈልግ ሰው ስለ ፈቃዱ አስቀድሞ ይጠይቅ።

አስጎብኚ ይውሰዱ። ይህን የምለው የሰፈሩ ልጅ እንጀራ እንዲያገኝ ብቻ አይደለም፣ እሱም በቂ ምክንያት ቢሆንም። ደኑ ውስጥ ከብት የሠራው፣ እንጨት ለቃሚ የሠራውና የጎብኚ መንገድ ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ ወንዝ ዳር ሲደርሱ ደግሞ ግማሾቹ ገደል አፋፍ ላይ ያልቃሉ። ሒሳቡን ከመነሳትዎ በፊት ይስማሙ። ሦስት ጥያቄም ይጠይቁት፦ ሰሞኑን ዝናብ ነበር ወይ? ወንዙ ምን ያህል ሞልቷል? መንገዱ ላይ የተንሸራተተ አፈር አለ ወይ? መልሱን ሲሰጥ ፊቱን ይዩት። አስጎብኚ እንግዳ ላለማሳዘን ሲል «ምንም አይል» ሊል ይችላልና «ልጅህን ዛሬ ትወስደዋለህ?» ብለው ቢጠይቁት የተሻለ መልስ ያገኛሉ።

የአካባቢው ሰው አፋን ኦሮሞ ነው የሚናገረው። «አካም» ብለው ሰላም ይበሉ፣ ለተደረገልዎት ነገር «ገለቶማ» ይበሉ። እንጨት የተሸከመች ሴት ወይም የተጫነ አህያ ጠባብ መንገድ ላይ ካጋጠመዎት በተራራው በኩል ተጠግተው ያሳልፉ፤ በገደሉ በኩል አይቁሙ። ሳያስፈቅዱም ፎቶ አያንሱ።

ደኑ ውስጥ

እዚህ ላይ አይቸኩሉ። በቃል ሲወርድ የመጣው ታሪክ እንደሚለው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው እዚህ አስተክለዋል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ አፄ ምኒልክ ደኑ እንዲጠበቅ አዘዙ። ጊዜው አዲስ አበባ በእንጨት እጥረት የተጨነቀችበት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን ያቆያት ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። በየመንገዱ ያዩት ባሕር ዛፍ ሁሉ ከጀርባዎ ቀርቶ ጽዱ ሲጀምር በዚያ ዘመን የተቆረጠው ደን ምን ይመስል እንደነበር ትንሽ ይገባዎታል።

ከታች ጽድ፣ ዝግባና ወይራ ነው። የጽዱ ግንድ ቅርፊቱ በረጃጅሙ የተሰነጣጠቀና ቀላ ያለ ነው፤ ዝግባው ቅጠሉ የጠቆረ ረጅም ዛፍ ነው። ከፍ ሲሉ ኮሶ ያገኛሉ፤ የሴቴው አበባ ቀላ ብሎ እንደ ዘለላ የሚንጠለጠለው፣ አያቶቻችን ለትል የጠጡት ማለት ነው። ከዚያም በላይ አስታና ጅብራ ይመጣል፤ እሱን የሚያየው ወደ ዳሞቻ የሚወጣ ሰው ነው። ወደ ፏፏቴው የሚሄድ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር አይወጣም፣ ምንም አልቀረበትም።

ጉሬዛን ለማየት ወደ ላይ እያዩ አይራመዱ፤ ይቁሙና ከዚያ ቀና ይበሉ። ቅርንጫፍ ሲንኮሻኮሽ ከሰሙ አንድ ደቂቃ ዝም ይበሉ። የምኒልክ ድኩላ የሚባለውና በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኘው ድኩላ እዚህ አለ፤ ወንዱ ጠቆር ያለ ነው፣ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ግን ሲሸሽ ከጀርባው ነው። ነብርም አለ፤ የማየት ዕድልዎ ግን እጅግ ትንሽ ነው። ጉንጩ ነጭ ሆኖ ሲበር ክንፉ ውስጥ ደማቅ ቀይ የሚታየው ወፍ ካለፈ ያ ጠዋት እንደሠመረልዎት ይቆጠራል። ስፒከር ይዞ ደን የሚገባ ሰው ይህን ሁሉ ለራሱም ለሌላውም ያጠፋዋል። ጽድና አስታ በቀላሉ ስለሚነዱ እሳት አያንድዱ፣ ሲጋራ አይጣሉ።

ቁልቁለቱ

የወንዙ ድምፅ ከፍ ብሎ መሰማት ሲጀምር ይቁሙ። ውሃ ይጠጡ፣ ጥቂት ይብሉ፣ የጫማዎን ክር ፈትተው ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ አድርገው እንደገና ይሰሩ። ሰዓቱን ይዩና የመመለሻ ሰዓት ይቁረጡ። «ውሃው ጋ ስንደርስ እንመለሳለን» ሳይሆን «4 ሰዓት ተኩል ሲል የትም ብንሆን እንመለሳለን» ይባል። ለሁሉም ጮክ ተብሎ ይነገር፤ ለልጆቹም ጭምር። ጉልበት ያታልላል፣ በተለይ ቁልቁል ሲሄዱ ገና ብዙ የቀረ ይመስላል።

በጣም ዝግተኛው ሰው ከአስጎብኚው ቀጥሎ ይሁን፣ ጠንካራው መጨረሻ። በሰውና በሰው መካከል ጥቂት ሜትር ይተው፤ አንዱ ቢንሸራተት ሌላውን ይዞ እንዳይወርድ። ድንጋይ ከእግርዎ ሥር ከተንከባለለ ወዲያው «ድንጋይ!» ብለው ይጩኹ፣ ማፈር አያስፈልግም። መንገዱ በሚታጠፍበት ቦታ ከላይዎ ሰው ካለ እስኪያልፍ ይጠብቁ።

እርምጃዎ አጭር ይሁን፣ ጉልበትዎ በትንሹ ይታጠፍ። ወደ ኋላ ተለጥጦ መሄድ የተጠነቀቁ ያስመስላል እንጂ እግርን ከሥር የሚያስመልጠው እሱ ነው። በጣም ቀጥ ሲል በጎን ይውረዱ፤ ዱላውን ከበታችዎ ይትከሉ። እርጥብ ሥር ላይ አይርገጡ፣ ዘለውም አይለፉት፤ ከበላዩ ያለውን አፈር ፈልገው ይርገጡ። ቅርንጫፍ ከመያዝዎ በፊት ይነቅንቁት፤ ጥላ ውስጥ የበሰበሰው ከደህናው አይለይም። ቁጭ ብሎ በመቀመጫ መውረድም አያሳፍርም፤ ሱሪ ይታጠባል።

ሌላው፣ በየጊዜው ዞር ብለው ያመጣዎትን መንገድ ይዩ። ሲመለሱ የሚያዩት ይህን ገጽ ነው፤ መንታ መንገድ ካለ አሁን ምልክት ይያዙ፦ የወደቀ ግንድ፣ ትልቅ ቋጥኝ።

ውሃው ዳር

ፏፏቴን ከታች ወይም ከጎን ያዩታል፤ ከአፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ማየት የለም። ከአፋፉ ላይ የሚቆሙበት አፈር ከሥሩ በውሃ ተበልቶ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ከላይ ሣር ስለለበሰ አይታወቅም። ቢያንስ ሦስት ሜትር ይራቁ። ፎቶ የሚነሳ ሰው ወደ ኋላ አይራመድ፣ አንሺውም «ትንሽ ወደ ኋላ» አይበል። ውሃ የሚረጨው ድንጋይ ላይ ያለው አረንጓዴ ነገር ሲያዩት ቀጭን ነው፤ የሰው አጥንት የሚሰብረው ግን ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

መሻገር ካለብዎት ውሃው ከጉልበት በታች መሆኑን በዱላዎ ይለኩ፤ የቦርሳዎን የወገብ ማሰሪያ ይፍቱ፣ ፊትዎን ወደ ወንዙ አናት ያዙሩ። ውሃው ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መውረድ ከጀመረ ወይም ድምፁ ከተለወጠ ወዲያው ወደ ላይ ይውጡ። እርስዎ ጋ ፀሐይ ቢሆንም ወጨጫ አናት ላይ ሊዘንብ ይችላል፤ እነዚህ ጅረቶች አጭርና ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ጎርፉ ለመድረስ ጊዜ አይወስድበትም። ከእነሱ የሚወርደው ውሃ ሁሉ መጨረሻው አዋሽ ነው፤ በሳሙና መታጠብና ዕቃ ማጠብ ይቅር።

ዳገቱን መልሶ መውጣት

ሳይደክምዎት ይነሱ። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ማውራት በሚያስችልዎ ዝግታ ይሂዱ፤ ማውራት ካቃተዎ ፍጥነትዎ በዝቷል። ለጥቂት ደቂቃ ተራምዶ አንድ ደቂቃ ቆሞ መተንፈስ፣ ሮጦ ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ከመዘርጋት ይበልጣል። ነጎድጓድ ከተሰማ ብቻውን ከቆመ ረጅም ዛፍ ሥር አይጠለሉ።

ወለምታ ከገጠመ ጫማውን አያውልቁ፤ እግሩ ያብጥና መልሶ አይገባም። ከጫማው በላይ በፋሻ ጠምጥመው፣ ዱላ አስይዘው፣ ቀስ እያሉ ያውጡት። በእግሩ መርገጥ ካልቻለ አንድ ሰው ከተጎጂው ጋር ይቅር፣ አስጎብኚው ሰው ይጥራ። ስልክ የሚሠራበት ቦታ ላይ ሲደርሱ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የአምቡላንስ ጥሪ 907 ነው፤ ከዚህ ቦታ ግን ብዙ ጊዜ የሚፈጥነው ያመጣዎት መኪና ነው።

ገደል ብቻ ለሚፈልግ

እግሩ የለመደና ሱባ ያነሰበት ሰው በሱሉልታ በኩል ይውጣ። አትሌቶቻችን የሚለማመዱበትን የሱሉልታን ሜዳና ጫንጮን አልፎ፣ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ወደ ደብረ ሊባኖስ ከሚታጠፈው መንገድ አጠገብ የፖርቱጋል ድልድይ የሚባለው የድንጋይ ድልድይ አለ። ስሙ ፖርቱጋልን ቢጠራም የተሠራው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በራስ ዳርጌ ጊዜ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ አፋፉ ላይ ሣር ሲነጩ ይውላሉ፤ ከሥር የጀማ ሸለቆ ነው። የቁልቁለቱ ደንብ ያው ነው፤ ልዩነቱ ሙቀቱ ላይ ነው። ሱባ ላይ የሚያሰጋው ብርድና እርጥበት ሲሆን እዚያ ግን በወረዱ ቁጥር ይሞቃል፣ ዳገቱንም የሚወጡት ፀሐይ አናት ላይ ሲሆን ነው። ስለዚህ ውሃውን ሦስት ሊትር ያድርጉት፣ ኮፍያም ይጨምሩ።

ሱባ ከዋሉ መኪናው ጋ ሲደርሱ ካልሲና ሸሚዝ ይቀይሩ፤ ከጉልበት ጀርባ፣ በብብትና በልጆቹ የራስ ቆዳ ላይ መዥገር እንዳለ ይፈትሹ፤ ቆሻሻዎን ይዘው ይመለሱ። እሁድ ከሆነ ከ10 ሰዓት በፊት ሰበታን ይልቀቁ፤ ከዚያ በኋላ ከዓለም ገና እስከ አየር ጤና ያለው መኪና ከዳገቱ የባሰ ያደክማል።